ጫማዬን አውልቄ የገባሁበት ሲኒማ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ምሽት ባለቤቴ ጌታቸው ሻንጣዬን እያሰረ፣ «እዚያ የድሮ የፈረንሳይ ፊልም ካገኘሽ ግቢልኝ» አለኝ። የእሱ ቪዛ አልወጣም። ዓይኑም እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙ ከጥቂት ዓመት በላይ ያያል ብሎ ተስፋ አልሰጠውም።

ጌታቸው ጡረታ እስኪወጣ ፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሊያይ ሲሄድ «ነይ» ይለኛል፤ እኔም «ጾም ነው» እላለሁ። ጾም ባይሆንም ጾም ነው። ሲመለስ፣ እኔ ምስር ስለቅም፣ ያየውን ሁሉ ይተርክልኛል። አንዷን ሴት ደጋግሞ ያነሳት ነበር፤ ባቡር ጣቢያ ቆማ ለሚሄድ ባሏ የኮቱን ቁልፍ የምትሰፋ።

«ታዲያ ተመለሰ?» እለዋለሁ።

«የመመለሻው ባቡር ሲገባ ያልቃል። አይነግሩሽም።»

«መጨረሻ ለሌለው ነገር ነው የምትመላለሰው?»

ይስቃል።

አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን፣ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ልጄ ሰላም ቤት ገባሁ። ቤቱም ሰፈሩም አዲስ ነው፤ ነፋሱ የሐምሌን ብርድ ያስንቃል። ተመስገን፣ ከአንድ ሰው በቀር የጎደለኝ የለም። ስለ ጌታቸው ቪዛ በደወልን ቁጥር «ኢን ፕሮሰስ»፣ ገና በሂደት ላይ ነው፣ ይሉናል።

«የእኔ ጸሎት እንኳ ከዚህ ቶሎ ይደርሳል» አልኩ አንድ ቀን።

«ማሚ፣ ዘይ ካን ሂር ዩ! ይሰሙሻል!» አለች ሰላም ስልኩን እየሸፈነች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያራቪል የሚባል ሰፈር ወዳለ አሮጌ ሲኒማ ወሰደችኝ፤ የድሮ የፈረንሳይ ፊልም ቡክ አድርጋ ኖሯል። አዳራሹ ጨለም ብሏል፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጠዋት እንዳደረግሁት ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅሁ።

«ማሚ! ሹዝ!»

ትኬት የሚቀበሉት ሽማግሌ አንድ ነገር አሉ፤ ሰላም እየሳቀች ተረጎመችልኝ። «እንዲህ አክብሮ የገባልን የለም፤ ጫማሽን እኔ እጠብቃለሁ ነው የሚሉት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው በአማርኛ።

ፈረንሳይኛውንም ሆነ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አላውቅም። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ መርፌ ስታወጣ ግን አወቅኋት። ያን ሁሉ ቅዳሜ ከምስሩ ቀና ብዬ ያላየሁት የጌታቸው ፊት ታየኝና አለቀስኩ።

ቤት እንደገባን ደወልኩለትና ያቺን ቁልፍ የምትሰፋ ሴት ማየቴን ነገርኩት።

«ፊቷ እንዴት ነበር? እየጠፋብኝ ነው» አለ።

«ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ጉንጯ ኮቱን ነካው። ጉንጯን ቶሎ አላነሳችውም።»

«ባቡሩ ገባ?» አለ።

«ገባ።»

«ሰውየው ወረደ?»

«አይነግሩሽም አላልከኝም?» አልኩት። «ሴትዮዋ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።»