ውሃ አልቀበል ያለው ማሽንና ጋሽ እንድሪስ

ጠዋት የሳህን ማጠቢያ ማሽኑን በር ስከፍት ውስጡ ደረቅ ነው... ማታ የተደረደሩት ሳህኖች ወጡ ደርቆባቸው እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ኮቦ፣ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ካምፕ ውስጥ ነው። ፈረንጅ ባለሙያዎች ስለነበሩ ማሽኑም አብሯቸው መጥቷል። እኔ ከደሴ ጋራዥ የመጣሁ ጎረምሳ መካኒክ ነኝ። ሲቀጥሩኝ የማላውቀው ማሽን የለም ብያቸዋለሁ። የማውቀው የመኪና ሞተር ብቻ ነበር።

ቁልፉን ስጫነው እምምም... እያለ ይቆያል፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። መብራቱ አለ። አጠገቡ ያለው ቧንቧ ሲከፈት ይፈሳል፤ ስለዚህ ውሃውም ደህና ነው አልኩ። ብሎኖቹን ጨርቅ ላይ ደርድሬ እስከ ረፋድ ሆዱን ስጎረጉር ቆየሁ።

ከዚያ የካምፑ አስተዳዳሪ መጣ። ያኔ የመንግስት ንብረት ተበላሸ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። «አሻጥር» የምትባል ቃል ነበረች፤ ያረፈችበት ሰው አይተርፍም። አስተዳዳሪው ደግሞ የምታርፍበትን ሰው መርጦ ነው የመጣው... ወጥ ቤቷን፣ እትዬ ዘይነባን። ከጎብዬ ከተማ የመጣች ሴት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ሶስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ማሽኑ የመጣ ቀን «ይሄ ሣጥን እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው» ስትል ብዙ ሰው ሰምቷታል።

«ሰው ነው የነካካው፣ አይደል?» አለኝ አስተዳዳሪው።

አላውቅም ማለት አፈርኩ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ወረቀት ሰጠኝና ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ከምሳ በፊት ቢሮ አምጣ ብሎኝ ሄደ።

ጻፍኩት... «በሰው እጅ የተበላሸ» ብዬ። ስሟን አላነሳሁም፤ ክፍት ቦታውን ማን በማን ስም እንደሚሞላው ግን አውቃለሁ። እሷ በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። ምን እንደጻፍኩ ግን አታውቅም።

ልፈርም ስል ጋሽ እንድሪስ ገቡ። የቀን ዘበኛ ናቸው፤ የሚጠጣ ውሃ ሊቀዱ ነው የመጡት። ከዘበኝነቱ በፊት ሮቢት አካባቢ ለብዙ ዘመን ጎርፍ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ራያ ቆላ ላይ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ነው ማሳውን የሚያጠጣው፤ ለማን ቀድሞ ይግባ የሚለውን የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ። የተበታተነውን ማሽን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ውሃ አልገባ አለው አልኳቸው።

«ታዲያ ማሳውን ምን ያስቆፍርሃል ልጄ? እኛ ውሃ አልገባ ሲል ወደ ጠለፋው ነው የምንወጣው። ደለል ዘግቶት ይሆናል።»

ቧንቧው ይፈሳል እኮ ጋሽዬ ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸው ብርጭቆ ሞልተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ውሃው ደፍርሷል... ለካ ሰሞኑን የካምፑ የውሃ ጉድጓድ ጎርፍ ገብቶበት ነበር። ከዚያ ውሃውን ወደ ማሽኑ የሚያመጣውን ጎማ በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው፣ ማሽኑ ጀርባ ላይ የሚገጠምበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ይቺን ፍታት አሉኝ።

ፈታኋት። ውስጧ ከሳንቲም የማትበልጥ ወንፊት አለች፤ በጭቃ ድፍን ብላለች። ጭቃውን ጨርቅ ላይ አራግፌ ወንፊቷን በጥርስ ብሩሽ አጠብኳትና ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ። ቁልፉን ስጫን ውሃው እየተንፎለፎለ ገባ። ያን ቀን የተነፈስኩትን የመሰለ ትንፋሽ ዕድሜ ልኬን ተንፍሼ አላውቅም። ጋሽ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ውሃቸውን ይዘው ወደሚጠብቁት በር ተመለሱ።

ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ለአስተዳዳሪው ጭቃውን ከነጨርቁ ወስጄ አሳየሁት፤ ከጎርፍ ጋር ማን ይካሰሳል... ክሱን ተወው።

ምሳ ላይ እትዬ ዘይነባ ሳህኔን ሞልታ አመጣችልኝ።

«አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። አንተ ባትኖር ልጆቼ ምን ይውጣቸው ነበር?» አለችኝ።

ብልሽቱን ያገኙት ጋሽ እንድሪስ ናቸው አልኳት፤ ስለ ወረቀቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለሰው ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሽ እንድሪስ አንድ ማሽን እንዳስጠገኑኝ ብቻ እያወቁ አለፉ... ከምን እንዳዳኑኝ ሳይሰሙ። አላህ ጀነቱን ይወፍቃቸው።