የእማማ ጫልቱ ጭስ

የልጄ ልጅ ሳምራዊት ለእሁድ «ሃይኪንግ» ዕቃዋን ሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግታ ስታሰናዳ ሶፋዬ ላይ ሆኜ አያታለሁ። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ የሚታጠፍ ዱላ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ጥርስ ያወጣ ጫማ። የጫማውን ዋጋ ስትነግረኝ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት። ለምን እንደጠረግሁት አላውቅም፤ ዋጋው የገባው በጆሮዬ ነበር።

«አባባ፣ አንተ በወጣትነትህ ተራራ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ልጆች ዓለም እነሱ ሲወለዱ የተጀመረች ይመስላቸዋል። «አንዴ» አልኳትና ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው፤ መጨረሻ ላይ ግን ለእሷ ያልነገርኳት ነገር አለ።

ጊዜው የደርግ ነበር። እንቁጣጣሽ አልፎ ትምህርት ገና አልተከፈተም። ሦስት ጓደኛሞች ነበርን። ሰይፉ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፤ ምላሱ ከእግሩ የሚቀድም፣ አስተማሪ ሳይቀር የሚያስቅ። መኩሪያ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነው፤ ከትምህርት መልስ ከአባቱ ጋር ሸማ ሲሠራ ይውላል፣ ቃል የሚወጣው በልመና ነው። እኔ ደግሞ ሁለቱ የሚያደርጉትን ሁሉ እየፈራሁ የማደርግ ነበርኩ።

ከእኛ ሰፈር፣ ከጉለሌ ዳገት ላይ ሆኖ ሰማዩ ሲጠራ በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ይታያል። አንድ ቀን ፀሐይ ከጀርባው ስትገባ እያየን ሰይፉ «እዚያ ላይ የወጣ ሰው ታውቃላችሁ?» አለ። አናውቅም። ሌላ ምክንያት አልነበረንም።

ያኔ ከከተማ ወጣ ለማለት ከቀበሌ ወረቀት ማጻፍ ነበረብን። ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሳችን አየንና «ተራራ ላይ ምን ጠፋባችሁ?» አለን። ልናይ ነው አልነው። «ምን?» እንዲሁ፣ አልነው። ብዕሩን ክዳን ውስጥ መልሶ «ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ ሁለተኛ እንዳልሰማ» አለን። ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን ሦስት ጎረምሶች ስንቅ ቋጥረው ወደ ተራራ ሲሉ ለሰሚው አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፣ ከሸማቂዎች ሊቀላቀሉ ነው የሚል፤ ያንን ትርጉም ሳይጽፍ ስለለቀቀን ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

እኛ ግን ያለ ወረቀት ሄድን። ስንቃችን በሶ፣ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የመጣ ስኳር፣ የመኩሪያ እናት የቆሉልን ገብስ ነበር። ብርድ ልብስ አንድ ለሦስት። እኔ በረባሶ፣ መኩሪያ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሰይፉ ጋዜጣ የተጎሰጎሰበት የወንድሙን ጫማ አድርገናል። የአውቶቡሱን ሂሳብ ለዳቦ አስቀርተን ገና ጎህ ሲቀድ በጳውሎስ፣ በዊንጌት፣ በአስኮ አድርገን በእግራችን ተነሳን። ከቡራዩ በኋላ መንገዱ ዳር አደይ አበባ ብቻ ሆነ። ማሳው ላይ ያለው ባቄላ እሸት ሆኗል፤ አንዲት ገበሬ ሴት «ብሉ፣ ብሉ» ብለው ከነሥሩ ነቅለው ሰጡን። ያንን እሸት እየፈለፈልን፣ እየዘፈንን፣ ጭቃው ጫማችንን እየመዘዘው ሄድን። ከዚያ በኋላ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝን ግን አላስታውስም።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ሥር ካለች መንደር ስንገባ ምንሽር ያነገተ የገበሬ ማኅበር ጥበቃ አስቆመን።

«ወዴት ነው?»

እኔ ከመኩሪያ ጀርባ ሆንኩ። ሰይፉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅሶ» አለ።

በአገራችን ለቅሶ የሚሄድን ሰው የሚመልስ የለም፤ ይህን አስቦበት ነው የመጣው። በየትኛውም መንደር በየሳምንቱ አንድ ለቅሶ አይጠፋም ብሎ አስልቶ ነበር። ያላሰበው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «የኦቦ ደበላ ቤት ነው?»

«አዎ፣ የኦቦ ደበላ» አለ ሰይፉ።

«እግዜር ይስጣችሁ። አብረን እንሂዳ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ።»

እንዲህ ሆነን የማናውቀው ሰው ለቅሶ ደረስን። ሰይፉ ከደጁ ሲደርስ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ወይኔ ጋሼ! ወይኔ ጋሼ!» እያለ አለቀሰ። በረድ ብለው የነበሩት ሴቶች እንደገና ተነሱ። እኔ ሳቅ እንዳያመልጠኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ለሚያየኝ ከሁሉ አብልጬ ያዘንኩት እኔ ነበርኩ። ዳሱ ውስጥ አስቀመጡን። ንፍሮ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ስንሄድ ውለናልና ሦስት ጊዜ ዘገንኩ።

የሟቹ ባለቤት እማማ ጫልቱ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አስጠሩንና «ልጆቼ፣ ደበላን በየት ታውቁታላችሁ? እሱ ጫካ ጠባቂ ነበር፤ ከተማ አይወድ፣ ከሰው አይገጥም» አሉን። ሰይፉ ብርድ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ ያጣጥፍ ጀመር።

መኩሪያ የያዘውን ንፍሮ መሬት አስቀመጠ። «እማማ፣ አናውቃቸውም። ተራራውን ልናይ ነው የመጣነው። እንዳይመልሱን ፈርተን ዋሸን። ይቅር ይበሉን።»

ጥበቃው ምንሽሩን ይዞ ብድግ አለ። እማማ ጫልቱ እጃቸውን አነሱ። «ተቀመጥ አንተ። ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ያለቀሰ ልጅ ምን ወንጀል አለበት?»

ዳሱ ውስጥ በነጠላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ተራራው ላይ ምን እንደምናይ ጠየቁን። እንዲሁ፣ አልናቸው። እሳቸው በዚያ «እንዲሁ» ያልተቆጡ የመጀመሪያዋ ሰው ናቸው።

«ከሥሩ ስኖር ዕድሜዬ አለቀ፤ አንድ ቀን ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «ደበላ ጥበቃ የሚውልበት ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ምሳ ልቋጥርልህ ስለው እምቢ ይለኛል። ግን እኩለ ቀን ላይ ወጡ ከእሳት ሲወርድ እሱ ከደጅ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አልቀደመም፣ አልዘገየም። ‹በምን ታውቃለህ?› ስለው ‹ጭስሽን አያለሁ፤ ጭሱ ሲነሳ እኔም እነሳለሁ› ይለኛል። ውሸታም እለዋለሁ፣ ይስቃል። ስንከራከርበት ሞተ።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ነገ እኩለ ቀን ላይ እሳት አነዳለሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩልኝ። ይታያል ወይስ አይታይም? ይህን ብቻ ልወቅ።»

ጭድ ላይ አድረን በማለዳ ወጣን። ጫካው ውስጥ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ፣ ጥዱ ጠል ያንጠባጥባል። ከጫካው በላይ አስታ የሚሉት ቁጥቋጦና ረጅሙ ጅብራ ብቻ ቀረ፤ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በሶአችንን በምንጭ ውሃ በጥብጠን ጠጣን። የሰይፉ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ መኩሪያ እስከ ክርኑ ገብቶ አወጣው፤ ጋዜጣው ግን እዚያው ቀረ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ተቃቅፈን ጮኽን። በምሥራቅ የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ከኋላው እንጦጦ፣ ከሥሩ ጉለሌያችን አውራ ጣት የምታህል። ሰይፉ ወደዚያ ዞሮ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የጠፋብንን አግኝተናል!» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ወደ እኩለ ቀን ወርደን ድንጋዩን አገኘነው። ከመቀመጥ ብዛት ልሟል። ተቀምጠን አየን። ከፊት ለፊት የተራራው ጉብታ መንደሩን ሙሉ በሙሉ ጋርዶታል። ወደ ቀኝ ሄድን፣ ወደ ግራ ሄድን፤ መኩሪያ ጥዱ ላይ ወጣ። ቤት የለ፣ ጭስ የለ።

ያን ጊዜ ተጣላን። ትናንት እውነቱን ያፈረጠው መኩሪያ «ይታያል እንበላቸው፤ ሐዘን ላይ ናቸው» አለ። ሰይፉ ደግሞ «እኔ ከትናንት ጀምሮ ዋሽቻለሁ፤ ይህኛው አይወጣኝም» አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንተ ንገራቸው ተባልኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ «ታየ እማማ፣ ታየ» የሚለውን እየተለማመድኩ ወረድኩ።

እማማ ጫልቱ ዳሱን ትተው ከአጥሩ በር ቆመው ይጠብቁናል። ከጓሮ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭድ ከምረው ያነደዱት እሳት አሁንም ይጨሳል። ዓይናቸው ቀልቷል፣ እጃቸው አመድ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻቸው ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካው መስሏቸው ራቅ ብለው ይመለከታሉ።

«እህሳ ልጄ? ታየ?»

ለአንድ ጥያቄ ሲሉ እንደዚያ ጭስ የጠጡ ሴት ፊት መዋሸት አቃተኝ።

«አልታየም፣ እማማ። ጉብታው ይጋርደዋል። ቤቱም አይታይም፣ ጭሱም አይታይም።»

«በጭራሽ?»

«በጭራሽ። ዛፍ ላይ ወጥተን ሁሉ አይተናል።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው ብዬ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ «ታዲያ በምን እያወቀ ነበር የሚደርሰው?» አሉ፤ እኛን አልነበረም የጠየቁት።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት ከኋላ «እኔማ ረፋዱ ላይ ሁልጊዜ ከአጥርሽ ሥር ቁጭ ብሎ አየው ነበር። እያረፈ መስሎኝ» አሉ።

እማማ ጫልቱ ወደ አጥሩ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ተራራው። አመዳሙን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ይሄ ሌባ!» አሉ። «ሥራውን ትቶ እየመጣ! ናፍቄው ነበራ!»

ሳቁ። ባላቸው በሞተ በአራተኛው ቀን፣ በጥቁር ልብስ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አሮጊቷ ተከተሏቸው፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ፤ ጥበቃው እንኳ ጥርሱ ታየ። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እኛም አብረን አለቀስን፤ በዚህኛው ሰይፉ አልዋሸም። ስንሄድ አንድ ጉያ እሸት ሰጥተው ግንባራችንን ሳሙን። ቤት ስንደርስ የጠበቀንን ቁጣ አልጽፈውም፤ የሚገባን ነበር።

ሳምራዊት እዚህ ላይ ስቃ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ሻንጣዋን ዘግታ ተኛች። ለእሷ ያልነገርኳት ይህን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መሥሪያ ቤቴ ከቤታችን ሩቅ ነበር። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ታክሲ ተጋፍቼ፣ ዳገቱን በእግሬ ጨርሼ ቤቴ እመጣ ነበር። ባለቤቴ «ምነው እዚያው ብትበላ? ለምን ትደክማለህ?» ስትለኝ «የውጭ ምግብ ሆዴን ይነፋኛል» እላት ነበር። እውነት መስሏት በርበሬ ቀነሰች፣ ሽሮውን አቀጠነች፤ ዛሬም እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእሱን ሆድ አታንሱት» ትላለች። እኔ ከሞትኩ በኋላ ይታያል ወይስ አይታይም ብላ ተራራ ላይ ሰው እስክትልክ መጠበቅ አልፈልግም። ገና ሁለታችንም እያለን ታንብበው፦ ሆዴን አንድም ቀን ነፍቶኝ አያውቅም።