የአንድ ደቂቃ ዘፈን ዋጋ

በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በዘፋኝነት ስቀጠር ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጣቢያው መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከገበያው ወደ ላይ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ሥራ ይቆማል። ኦርኬስትራ ይሉናል እንጂ አምስት ሰዎች ነበርን፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና እኔ። ጠዋት ጠዋት ከዜናው በኋላ በቀጥታ እንጫወታለን። ብርዱ ጉሮሮ ይዘጋል። ወንዶቹ በርኖስ ደርበው፣ እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ፣ ጣቶቻችንን እያሟሟቅን ነበር የምንጀምረው።

ማሲንቆ የሚጫወቱት አዛውንት ከራቤል በኩል የመጡ ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲዞሩ ኖረው በስተርጅና ነው ደመወዝተኛ የሆኑት። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከደረት ኪሳቸው አይለዩትም። «ሰው አዝማሪው እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። ሠራተኛ ያለኝ ይኼ ቤት ነው» ይሉ ነበር።

ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤቶች ለውጥ የመጣ ጊዜ፣ ሁሉም ሥራ በወጪው ይመዘን ተባለ። ከደብረ ብርሃን አንድ የሒሳብ ባለሙያ ተላከ። ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለመጥላት እንኳ ይመቸን ነበር። ሰበሰበንና ነገሩን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ አስረዳን። የአምስታችንን ደመወዝ፣ የክራሩን ክር፣ ለመስክ ስንወጣ የሚከፈለንን አበል ደመረና አየር ላይ በቆየንበት ደቂቃ አካፈለው። ከጎኑ የዜናውን ደቂቃ ጻፈ። የእኛው በብዙ ይበልጣል።

«ይኼ የአንድ ደቂቃ ዘፈን ዋጋ ነው» አለ።

አባባ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የምንለማመድበትስ? ያ ደቂቃ አይደለም?»

«አባባ፣ ልምምዱ አየር ላይ አይወጣም። ወጪ ነው እንጂ ውጤት ተብሎ አይያዝም።»

«ቀኑን ሙሉ የምንለፋው እኮ ለዚያችው ደቂቃ ነው።»

«አውቃለሁ። ሒሳቡ ግን የሚያውቀው የተሰማውን ብቻ ነው።»

ያዘነልን መሰለኝ፣ እሱው መላ አመጣ። ዘፈኖቻችንን ሁሉ እንቅዳ፤ የተቀዳ ዘፈን በተደጋገመ ቁጥር የደቂቃው ዋጋ እየወረደ ይሄዳል አለን። ደስ አለን። የሚያተርፈን ይኼ ነው ብለን ተያያዝነው።

ክረምቱ ገብቶ ነበርና በረዶ ሲጥል እያቆምን፣ ሲያባራ እየቀጠልን ቀዳን። አባባ ከሁላችን ይበልጥ ተጉ። የሠርጉን፣ የፉከራውን፣ የሙሾውን፣ ከአባታቸው የለመዱትን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ሰጡ። ሳል ይዟቸው ሲንገላቱ አይቼ «አባባ፣ ለነገ ይቆይ» ብላቸው፣ «ተይኝ ልጄ፣ ዋጋችንን እናውርድ እንጂ!» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን።

መስቀል ካለፈ በኋላ አዲሱ መዋቅር ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ኦርኬስትራ የሚል የሥራ መደብ የለበትም። ባለሙያው ራሱ ሊነግረን መጣ፤ ዓይናችንን ግን አላየም።

«ዘፈኖቹ ተቀድተዋል። ከእንግዲህ ደቂቃው ምንም አያስወጣም» አለ።

«እኛስ?» አልኩት።

«እናንተማ… እህቴ፣ ወጪው እናንተ ናችሁ።»

አባባ መታወቂያቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ማንም አምጡ አላላቸውም።

እኔ እህቴ ሱቅ ገባሁ። ጠዋት ሬዲዮው ሲከፈት የራሴ ድምፅ ይመጣል። ዘይትና ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሰው «ዛሬም አሳምረሽዋል! ደግሞ ከጣቢያው መቼ ደረስሽ?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ አስረዳ ነበር፤ በኋላ ተውኩት። እየቆየ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነብኝ። እቃ ሳጥብ እንኳ ማንጎራጎር ተውኩ።

አባባ ወደ አገራቸው ወጡ። ለሠርግ ቢጠሯቸው እንቢ አሉ ሲባል ሰማሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ልጠይቃቸው ሄድኩ። የበግ ጠጉር ዝተት ለብሰው መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ሳሉ ደረታቸውን ይዞታል።

«ማሲንቆውንስ ተዉት?» አልኳቸው።

«እዚያ ቤት እየተጫወትኩላቸው አይደል? ለሁለት ቤት አልችልም።»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ለፋሲካ አልደረሱም። ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው መሐል ሜዳ መጥተው ሱቁ ድረስ አገኙኝ።

«ጠዋት ጠዋት በጎረቤት ሬዲዮ እሰማቸዋለሁ» አሉኝ። «እስካሁን ካሠሯቸው፣ ለእኛ የሚደርስ ነገር አይኖርም ወይ?»

እንደሌለ አውቃለሁ። ግን በቃሌ ብቻ ልመልሳቸው አልቻልኩም፤ ይዣቸው ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ያ የሒሳብ ባለሙያ ተዛውሯል። በቦታው ያገኘናት ልጅ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸውና ጉዳያችንን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ግራ ገብቷት አየችን።

«ይቅርታ እማማ፣ ይኼ ጣቢያ ኦርኬስትራ ነበረው እንዴ?»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነበረው» አልኩ።

ገበያው ሳይበተን ደርሰን ጨው ገዙ። ወደ ራቤል የሚወስደውን መንገድ እስኪይዙ ሸኘኋቸውና፣ እህቴ ብቻዋን ናት ብዬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።