ሳላገባ ሙሽራ ያደረገኝ ጥፍር

ትናንት ጠዋት የግራ አውራ ጣቴን ጥፍር ስቆርጥ የመጨረሻዋ ቢጫ ቁራጭ ተፈናጥራ ወደቀች... ዓመት ከምናምን የጠበቅኳት ቁራጭ ናት። በወረቀት ጠቅልዬ ሐጃን ላሳያቸው ሮጥኩ። ለእግር ጥፍር ይሄን ያህል ምን ያስሮጣል የምትሉ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ካርቱም፣ አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሐጃ የቤቱ እናት ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ የቀኝ እግራቸው ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል። ዋናው ሥራዬ የእሳቸው እግር ነው... ጠዋት ጠዋት አጥባለሁ፣ በየጣቱ መሀል አደርቃለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ። ትንሽ ጭረት እንኳ ካየሁ ለልጃቸው እናገራለሁ።

ታዲያ የራሴ አውራ ጣት ቢጫ መሆን ሲጀምር ዝም አልኩ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ነበር... ቀስ እያለ ወፈረ፣ ጫፉ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈር ጀመር። አያምም። የማያምም ነገር ደግሞ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል። ጁምዓ ጁምዓ እረፍቴ ስለሆነ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ነው የምውለው። እዚያ ስምንት ሴቶች አንዲት የላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ እዚህ ሺብሺብ የሚሏትን፣ እየተቀባበልን ነው ሻወር የምንገባው። ከዚያ ነው መሰለኝ የያዘኝ።

ፍርሃቴ ግን ለጥፍሬ አልነበረም። «በዚህ እግርሽ ነው የእናታችንን እግር የምትነኪው?» ብለው ያሰናብቱኛል ብዬ ነው። አገር ቤት ደግሞ እጄን የሚያዩ እናትና ሁለት ታናናሾች አሉኝ።

ከእነዚያ ከአገሬ ልጆች አንዷ ጽጌ «እንሶስላ ብትሞቂ ይለቅሽ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እናቴም እግሯ ሲሰነጣጠቅ እንሶስላ ነበር የምትሞቀው።

«ካርቱም ላይ እንሶስላ ከየት ይምጣ?»

«ሂና አለ አይደል... ያው ነው።»

ያው መሰለኝ። አሥሩንም የእግር ጣቶቼን በጥቁር ሂና ለቀለቅኳቸው። ቢጫው ድራሹ ጠፋ። ጉዴን ሸፈንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጃ ግቢው ውስጥ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ውሃ በሳህን ይዤ ስቀርብ ዓይናቸው እግሬ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ሱብሃነላህ... መቼ ነው ያገባሽው?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ።

«እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማይሽ። ሳትነግሪኝ ባል አገባሽ?» ድምፃቸው ተሰበረ። ያኔ ሳቄ ቀጥ አለ።

ለካስ እዚህ አገር ሂና በእግር ላይ የሙሽራና የባለትዳር ነው። እኛ ጋ ልጃገረዷም እንሶስላ ትሞቃለች፣ ማን አገባሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። በሰባራ አረብኛዬ «ወላሂ ሐጃ፣ ባል የለኝም» ብዬ ማልኩ። ማተቤን ባንገቴ አስሬ ወላሂ... ጭንቅ የማያስብለው የለም።

«ባል ከሌለ ሂናው ለማን ነው?»

መነጽራቸውን አስመጡኝና «አምጪ እግርሽን» አሉ። ሂና ቀለሙን እንጂ ውፍረቱን አይደብቅም። አውራ ጣቴን ጫን ጫን አደረጉት። አበቃልኝ ብዬ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት... ደብቄ መክረሜን፣ አንድ ሁለት ቀንም የእሳቸውን ሺብሺብ አድርጌ መታጠቢያ ቤት መግባቴን።

እሳቸው ግን ጣት የጎደለውን እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«የኔም እንዲህ ነው የጀመረው። ጥፍሬ ወፈረ፣ አፍሬ በካልሲ ደበቅኩት። ጥፍሩ ሥጋዬን ወጋው፣ ቆሰለ... በስኳሩ ምክንያት ቁስሉ አልሽር አለ። ያ ቢቲ፣ እፍረት ነው ጣቶቼን ያስቆረጠኝ። ያላ፣ ተነሺ ልበሺ።»

ያ ቢቲ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሊያባርሩኝ ነው ስል ሐኪም ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

የቆዳ ሐኪሙን መጀመሪያ የሐጃን እግር እይልኝ ብዬ ለመንኩት። ጣት በጣት አገላብጦ «ምንም የለባቸውም» ሲል እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ወደኔ ዞሮ ደግሞ «ሂናው ቀለሙን ሸፈነብኝ፣ አሁን ምኑን ልየው?» ብሎ ተቆጣ። የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም ብሎ ቆርጦ ላቦራቶሪ ላከው። ፈንገስ ሆነ። ደሜን አስመርምሮ ጉበቴ ደህና መሆኑን ካየ በኋላ የወራት ኪኒን አዘዘልኝ። «አሮጌው ጥፍር ተመልሶ አያምርም፣ አዲሱ ከሥር እያደገ ይገፋዋል። ታገሺ» አለኝ። ጫማም ጥፍር መቁረጫም የብቻዬ እንዲሆን፣ እግሬንም ሳላደርቅ ካልሲ እንዳላደርግ አስጠነቀቀኝ።

ቤት ስንገባ ሐጃ ልጃቸውን ጠርተው «እስክትድን ጓንት አድርጋ ታጥበኛለች፣ ሥራዋ ላይ ናት» አሉ። ለሚቀጥለው ጁምዓ ደግሞ ስምንት ሺብሺብ ገዝተው አሸከሙኝ፣ ስምንቱም የተለያየ ቀለም... እንዳንቀያየር ብለው።

የወለደችኝ እናቴ ሩቅ ናት። እዚህ ግን እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩልኝ ሰው አሉ።

ትናንት ቁራጯን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አዲሱን ጥፍሬን አገላብጠው አዩትና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው... «አሁን ባል ፈልጊ፣ ሂናውን በገዛ እጄ እቀባሻለሁ።»

ዕድሜ ይስጥልኝ ሐጃዬ። ባሉ ገና ነው... ጥፍሩ ግን ደርሷል።