የውኃ በር ጠባቂው ኦክላንድ የመጡ ዕለት

ሀረገወይን ኦክላንድ ከተማ በባሕሩ ዳርቻ ባለው የጀልባ ክለብ አዳራሽ መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመት ሊሆናት ነው። ወንበር ትደረድራለች፣ ጠረጴዛ ታለብሳለች፣ ምግብ ታቀርባለች። አዳራሹ ሠርግም የጡረታ ሽኝትም ያስተናግዳል። እሷን የሚገርሟት ግን በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር፣ ቅዳሜ ቀን የሚሰበሰቡት ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ካስትሮ ቫሊ፣ ሪችመንድ፣ ሳን ሆዜ ነው፤ ጀልባቸው ግን ፈረንሳይ አገር ቦይ ዳር ታስሮ ይከርማል። በጋ ሲገባ ይሄዱና ከቦይ ቦይ ሲንሸራሸሩ ይሰነብታሉ። ክረምቱን ደግሞ ኦክላንድ ተገናኝተው፣ ምሳ እየበሉ፣ ፎቶ እየተያዩ ያንኑ ያወራሉ።

ሊቀመንበራቸው ሚስስ ሃሊስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አንድ ዓመት የምግብ ዝርዝሩን በፈረንሳይኛ አሳትመው ሲያመጡ ሀረገወይን ሦስት ስሕተት አግኝታ በእርሳስ አረመችላቸው። ሴትየዋ በመገረም አዩዋት። ከዚያ ወዲህ የስብሰባው ዝግጅት ሲጀመር መጀመሪያ ስልክ የሚደውሉት ለእሷ ነው።

ፈረንሳይኛውን የተማረችው ለገሃር ነበር። ምድር ባቡር በቴሌግራፍ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። ባሏ መንገሻም የባቡር ሠራተኛ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ጠዋት ከሥራ ቦታው ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። እሷም ትንሽ ልጇን ይዛ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ገባች። እዚያ አራት ዓመት ተቀምጣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ኦክላንድ ደረሰች። የተከራየችው ቤት ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳና አጠገብ ነው። የቀድሞ ሥራዋን የሚያውቁ ሁሉ በዚህ ይስቁባታል።

በ1987 የጀልባ ባለቤቶቹ ማኅበር አንድ እንግዳ ከፈረንሳይ ጋበዘ። ሙሴ ፔሬን ይባላሉ፤ «ሙሴ» በፈረንሳይኛ አቶ እንደ ማለት ነው፤ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የውኃ በር ሲጠብቁ ነው። ቦዩ አቀበት ሲገጥመው ጀልባ ዝም ብሎ አይወጣም። ሁለት በር ባለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይገባና በሩ ተዘግቶ ውኃው ሲሞላ አብሮ ከፍ ይላል። በሩን በመዘውር የሚከፍተውና የሚዘጋው ጠባቂው ነው። ማኅበርተኞቹ ሁሉ በሙሴ ፔሬን በር አልፈዋል። ሚስስ ሃሊስማ ስምንት በጋ አልፈውበታልና ሽማግሌውን እንደ ወዳጅ ነበር የሚቆጥሯቸው።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ሀረገወይን ወጥ ቤት ገብታ ዳቦ ስትቆርጥ ዋናው ምግብ አብሳይ ጋሼ ፍስሃ ስልኩን አስቀምጠው ወደ እሷ ዞሩ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ከእሷ ይጠራል።

«የቀጠሩት አስተርጓሚ አሞኛል ብሎ ደውሏል» አሏት። «ሽርጥሽን ፍቺና ሂጂ፤ አንቺ ተርጉሚላቸው።»

«ዳቦውስ?»

«ዳቦውን እኔ እቆርጠዋለሁ።»

እውነትም አማራጭ አልነበረም። ማኅበርተኞቹ ፈረንሳይኛ እንችላለን ይላሉ እንጂ ሽማግሌው አንድ ጊዜ በገጠር አነጋገራቸው ሲናገሩ እርስ በርስ ተያዩ። ሀረገወይን ጥቁር የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከሙሴ ፔሬን አጠገብ ቆመች። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ስለ መዘውሩ፣ ስለ ጎርፍ፣ ቦይ ውስጥ ስለ ወደቀች ላም ተናገሩ፤ እሷም እያስከተለች ተረጎመች፤ ሰው ሳቀ።

ኋላ አንድ ጢማም ሰውዬ ተነሣና «ስለ እኛ ስለ ጀልባ ባለቤቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚያስታውሱት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ መናገር ጀመሩ።

የማስታውሰው ክላክሱን ነው አሉ። ከቀኑ ስድስት እስከ ሰባት ሰዓት በሩ ለምሳ ይዘጋል። እናንተ ግን ክላክስ ትነፋላችሁ። ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ማንኪያዋን እያስቀመጠች ተነሥታለች፤ ከኔ እኩል መዘውር አዙራለች፤ ስሟን የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም። የቀበርኳት ዕለት ለቀብር ተዘግቷል ብዬ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌ ሄድኩ። ስመለስ ሁለት ጀልባ ቆሞ አገኘሁ። የአንዷ ጀልባ ባለቤት ሰዓታቸውን እያሳዩ ለምን ዘገየህ አሉኝ። እሳቸውም እዚሁ ተቀምጠዋል።

ሀረገወይን እስከ ማንኪያው ድረስ ተረጉማ ቆመች። በአገሯ መርዶ እንኳ ታሽቶ፣ ተለሳልሶ ነው የሚነገረው። ሽማግሌው የቀረውን እንዳልተረጎመች ገባቸው።

«ሁሉንም፣ ማዳም» አሏት በቀስታ።

ሁሉንም ተናገረች። በእንግሊዝኛ፣ «እኔ» እያለች፣ ልክ እሳቸው እንዳሉት። ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

በመጨረሻ ሚስስ ሃሊስ ተነሡ። ፊታቸው ቀልቷል። «እኔ ነኝ» አሉ። «ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ማንበብ አልቻልኩም፤ አንብቡልኝ ብዬም አልጠየቅኩም።» ከዚያ ወደ ሀረገወይን ዞረው «ባለቤታቸው ማን ይባሉ እንደነበር ጠይቂልኝ» አሏት።

«ሉሲየን» አሉ ሙሴ ፔሬን። ቀጥለውም ልወቅሳችሁ አልመጣሁም፣ ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ አሉ። ሚስስ ሃሊስ አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። ምሳው ቀረበ። ሁለቱ ሀረገወይንን መኻል አስቀምጠው ስለ ሟቿ ሲያወሩ ዋሉ፤ የሠራተኛ ልብስ ለብሳ እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሁሉም ግን አልወደደላትም። ጢማሙ ሰውዬ ሰኞ ዕለት ለአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ አስተናጋጇ ነገሩን ማለዘብ ነበረባት፣ እንግዶቹን አሳፈረች ብሎ ከሰሳት። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ጠየቃት። እሷም ለገሃር እያለች ሰዎች «አባትህ ትንሽ አሟቸዋልና ቶሎ ና» የሚል ቴሌግራም ያስልኩ እንደነበር ነገረችው። «ሰውየው መሞታቸውን ከላኪዎቹ ፊት አነብ ነበር» አለችው። «የላክሁት ግን የጻፉትን ነው። ማለዘብ የመልእክቱ ባለቤት ሥራ ነው፤ የኔ አይደለም።» ሥራ አስኪያጁ የገባውም ያልገባውም መሰለና ወደ ሥራሽ ሂጂ አላት።

በሳምንቱ ሚስስ ሃሊስ ደወሉ። ማኅበርተኞቹ በጋ ሳይገባ ፈረንሳይኛ ማንበብ መማር ይፈልጋሉ፤ ታስተምሪናለሽ ወይ አሏት። ሀረገወይን አስተምሬ አላውቅም አለች። ሚስስ ሃሊስ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እሱን አሳይሻለሁ አሏት። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዎች መጡ፤ ጢማሙ አልመጣም። ሰላምታና ስለ አየር ጠባይ ማውራቱን ለኋላ አቆይታ፣ በር ላይ የሚለጠፉትን ቃላት አስቀደመች፤ ተዘግቷል፣ ጠብቁ፣ አደገኛ ነው፣ ሐዘን ላይ ነን።

በሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ሀረገወይን አስተናጋጅነቱን ትታ ለማኅበሩ ትሠራ ነበርና፣ በሰማያዊ ቀሚስ መግቢያው ላይ ተቀምጣ የእንግዶችን ስም ስትመዘግብ ዋለች። ጋሼ ፍስሃ ሁለት ጊዜ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው በእሷ ቦታ የተቀጠረችው ልጅ ዳቦውን እንደ ጡብ እየከመረችው መሆኑን ነገሯት። በሦስተኛው እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ልታሳያት ገባች።