አማቴ የተቀመጡበት ድንጋይ

መኪናዬ ስትመጣ ከሩቅ ትሰማ ነበር። ሞተሯ አይደለም፤ ፍሬኗ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈራችን ቁልቁለት ስትታጠፍ አንዴ ትጮሃለች፣ በራችን ላይ ስትቆም ደግሞ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ሲጥጥታ ታሰማለች። ጎረቤታችን ከአጥሯ ወዲያ ሆና "መምህር መጣ፣ ምሳ አቅርቡ!" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። የሚያናድደው ደግሞ እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሰበቃ የሚለውን ምዕራፍ በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። የፍሬን ሸራ አልቆ ብረት ብረትን ሲበላ እንደዚያ እንደሚጮህ አሳምሬ አውቃለሁ። ማወቅና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

ያን ክረምት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ እኛ ጋ ሶዶ ከርመው ነበር። ከገሱባ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። ሞራው ተገፎላቸው፣ ሐኪሙ የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገው ግቢው ውስጥ እየተንጎራደዱ "አሁንማ የጉንዳን እግር ይታየኛል" ይሉ ጀመር። እኔ ታዲያ በልቤ፣ አይ፣ አሁን ነው የኔ መከራ የጀመረው እል ነበር። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ፣ በሬ የገሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ "መምህር" ነው የሚሉኝ፣ ሙገሳ ግን አይደለም። በሳቸው አፍ መምህር ማለት እጁ ከጠመኔ በቀር ምንም የማያውቅ ሰው ማለት ነው። በተጋባን ዓመት እሳቸው ግቢ እንጨት ልፈልጥ ተነስቼ የመጥረቢያውን እጀታ ለሁለት ሰበርኩት። መጥረቢያውን ከእጄ ተቀብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ ቢላዋ እንኳ አቀብለውኝ አያውቁም።

ጊፋታ እየደረሰ ነበር። የወላይታ ዘመን መለወጫ ሲመጣ እግር ያለው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል፤ አማቴም ቤቴ ልግባ አሉ። ባለቤቴ አባቷን በገዛ መኪናችን ልትወስዳቸው ከክረምቱ መጀመሪያ አንስቶ አስባለች። እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ።

"በሚኒባስ እሄዳለሁ" አሉ። "ያቺ መኪና ታለቅሳለች። የሚያለቅስ በሬ አይጠመድም።"

 ባለቤቴ ማታ ንዴቷን እኔ ላይ አፈሰሰችው። "ትዳር ይዤ፣ ቤት ሠርቼ፣ በር ላይ መኪና አቁሜ፣ አባቴን እንደ እንግዳ ሰው መናኸሪያ ወስጄ ልሸኛቸው? አገር ምን ይለኛል?" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷ በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ የጠራልኝ ዋጋ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ ከጎረቤት ጋር ስንቆጥብ የከረምነውን ድርሻችንን ልክክ አድርጎ የሚበላ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት "ከበሬው ድርሻ ንካና ጉድህን ታያለህ" አለችኝ። ደሜ ፈላ። አራት ብሎን ፈትቶ ለመግጠም ይሄ ሁሉ? ራሴ እሠራዋለሁ! አልኩ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለች ባለቤቴ።

ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ የፍሬን ሸራ ገዛሁ። ስልኬ ላይ አሠራሩን የሚያሳይ ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁ። ባለሱቁ ዕቃውን ሲጠቀልልልኝ አንድ ነገር ብቻ መከረኝ። "ገጥመህ ስትጨርስ፣ ከመንቀሳቀስህ በፊት፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጠው። አዲሱን ስታስገባ ፒስተኑን ወደ ኋላ ስለምትገፋው መጀመሪያ ላይ ባዶውን ነው የምትረግጠው።"

"አውቃለሁ" አልኩት ቆጣ ብዬ። ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው!

ከጊፋታ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራዬን ጀመርኩ። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ የምሠራው ደጅ መንገዱ ላይ ነው። ሶዶ ደግሞ ዳሞት ተራራ ላይ ጀርባዋን ደገፍ ያደረገች ከተማ ናት፤ ሜዳ ቢፈልጉ አይገኝባትም። የእጅ ፍሬኔ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ባለመኪና ሁሉ የራሴ ድንጋይ አለኝ። ጠፍጣፋ፣ ከላይ እንደ ወንበር የተስተካከለ ጥቁር ድንጋይ ነው። መኪናዋን በአንደኛ ማርሽ አቁሜ ድንጋዩን ከኋላ ጎማዋ ፊት ሸጎጥኩና ክሪኩን አስገባሁ።

የመጀመሪያው ብሎን አልፈታ አለኝ። መፍቻው ላይ ቆሜ ዘለልኩበት፤ ቋ! ብሎ ለቀቀ። ጎማው ወጣ። አሮጌው ሸራ ምላጭ አክሏል፤ አንዱ ጎን ጭራሽ የለም። በዚህ ነበር እንዴ ቤተሰብ የምጭነው? ላብ አሰመጠኝ። ቀጥሎ ፒስተኑን ወደ ኋላ መግፋት መጣ። አሮጌውን ሸራ ደገፍኩበት፣ በትልቁ ፒንሳ ጨመቅኩት፣ ተሳደብኩ፣ እንደገና ጨመቅኩት። ቀስ ብሎ፣ እያቅማማ፣ ገባ። "ገባ! ገባ!" ብዬ ስጮህ ባለቤቴ ሊጥ በያዘ እጇ ሮጣ ወጣች። "ምን ገባ? ሌባ?" አለች። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ይመክረኛል። አንዱ ባጃጁን አቁሞ "ሸራውን ትንሽ ዘይት ቀባው፣ ድምፁ ይጠፋል" አለኝ። "ፍሬን ላይ ዘይት? ወንድሜ፣ ምን አድርጌህ ነው ልትገድለኝ የፈለግከው?" አልኩት። ተሳሳቅን። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም። እጄ ጠቁሯል፣ የጣቴ መገጣጠሚያ ተልጦ ይደማል፣ እኔ ግን አፏጫለሁ።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱንም የፊት ጎማ ጨርሼ መኪናዋን ከክሪክ አወረድኩ። ይኼኔ በሩ ተከፈተና አማቴ ከነመነጽራቸው ወጡ። አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

ቆሙ! አማት ቆሞ፣ አማች መሬት ላይ ተቀምጦ! እኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። መቀመጫ ፍለጋ ዓይኔ ተንከራተተ። ወንበር ቤት ውስጥ ነው፤ ባለቤቴን ልጥራ ብል እሷ እስክትመጣ እሳቸው ቆመው ሊጠብቁ ነው። ዓይኔ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ለአዛውንት የተዘጋጀ የሚመስል። ከጎማው ሥር ጎትቼ አወጣሁት፣ በሸሚዜ ጠረግሁት፣ ጥላው ሥር አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ አረፍ ይበሉ።"

አማቴ ድንጋዩን አዩት። መኪናዋን አዩዋት። እኔን አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከዚያ ተቀመጡ። እኔ ሥራዬን አድንቀው ቃል ያጠራቸው መሰለኝ።

ደረቴን ነፍቼ መኪና ውስጥ ገባሁ። የባለሱቁ ምክር ከነባለሱቁ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። አማቴ እያዩኝ ነዋ! ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሞተሩን አስነሳሁ። መኪናዋ ነቅነቅ አለች። ፍሬኑን ረገጥኩ። ፔዳሉ ያለ አንዳች ከልካይ ሄዶ ወለሉ ላይ ተኛ።

መኪናዋ ቁልቁል መሄድ ጀመረች። ፍጥነቷ የጥጃ ነው፣ ግን ትሄዳለች! ፊዚክሱም ቪዲዮውም ብን አሉ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ "ኢየሱስ!" ስትል ሰማሁ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ ምን ልይ? አማቴ፣ ያንን የሚያህል ድንጋይ በሆዳቸው ታቅፈው፣ ጥቁር መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዶ፣ እየሮጡ ይከተሉኛል!

እግሬ በራሱ ጊዜ ፔዳሉን ይደበድባል። አንድ። ሁለት። ሦስት። በአራተኛው ፔዳሉ ከሥር ገፋኝና መኪናዋ ቀጥ አለች። በዚያን ጊዜ ግን አፍንጫዋ የጎረቤታችንን አጥር አልፎ እንሰቷ መሃል ገብቷል። አንዱ እንሰት ተጋድሞ ቅጠሉ የፊት መስታወቴን ሸፍኖታል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ መኪናዋን ያቆማት እንሰቱ ነው ይላል። ያቆማት ፍሬኑ ነው! ሰሚ ግን የለኝም።

ከመኪና ስወርድ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አማቴ ደረሱ። እያለከለኩ ጎንበስ አሉ፣ ድንጋዩን ከጎማው ፊት አስተካክለው ሸጎጡ፣ በእግራቸው ገፋ አድርገው መያዙን አዩ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ..."

"ድንጋዩን ስትጎትተው አይቻለሁ" አሉኝ። "መኪናዋን የያዛት እሱ እንደሆነ አውቄ ነበር።"

"አውቀው ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አማች በሸሚዙ ጠርጎ ያቀረበልኝን መቀመጫ እንዴት እምቢ እላለሁ? ላሳፍርህ?"

"እኔ እኮ ቆመው ማየት አሳፍሮኝ ነው የጎተትኩት!"

ተያየን። ባለቤቴ ከኋላ ደርሳ "እናንተ ሰዎች ስትከባበሩ ልታልቁ ነበር እኮ!" አለች።

አማቴ ሳቁ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ስቀው አላየሁም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አጥሩን ተደግፈው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ባለቤቴ "አባባ ዓይንዎ! ደሞ ድንጋይ ማንሳት!" እያለች ትቆጣለች፣ እሷም እየሳቀች ነው። ጎረቤታችን ወጥታ ወገቧን ይዛ "እንሰቴን ለፍሬን መሞከሪያ ነው እንዴ የተከልኩት?" ስትል ደግሞ ባሰብን። አማቴ ከገሱባ በአንዱ ፈንታ ሁለት ችግኝ እንደሚልኩላት ቃል ገቡላት።

መኪናዋን ገፍተን ካወጣናት በኋላ አማቴ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አሉና በአዲሱ ዓይናቸው ወደ ውስጥ አጮለቁ። "የትኛው ነው የሚይዛት?" አሉ። ከተዋወቅን ጀምሮ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። አሳየኋቸው። ሸራዎቹ ዲስኩን ከሁለት ወገን እንዴት እንደሚጨብጡት በመዳፌ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ያንኑ እጄን ያዙና ገለበጡት። የጠቆረውን፣ የተላጠውን፣ ደም የደረቀበትን ጣቴን አንድ በአንድ አዩት።

"ደህና" አሉ። "ነገ በጠዋት እንነሳ።"

ባለቤቴ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ያን ቀን ከሰዓት ፔዳሉን ስንት ጊዜ እንደረገጥኩት አትጠይቁኝ። ሰፈሩን እየዞርኩ፣ ቁልቁለቱን እየወረድኩ፣ እያቆምኩ አመሸሁ።

ዓርብ ጠዋት አማቴ ከፊት ተቀመጡ። ድንጋዩን በእግሮቻቸው መሃል አስቀምጠዋል። "እሱን ለምን ይሸከሙታል?" ብላቸው "ይሄ ከኔ ጋር ነው" አሉኝ። መንገዱ ዝናብ የጠገበ፣ ጉድጓዱ የበዛ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ፍሬኑን ረገጥኩ። ያዘ። ደግሞም ጭጭ! አንድም ድምፅ የለም። በደስታ ልጮህ ወደ ኋላ ዞር ስል ባለቤቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በአገጯ ወደ አባቷ ጠቆመችኝ።

አማቴ ተኝተዋል። አፋቸው ተከፍቶ፣ መነጽራቸው ተንጋዶ፣ ያንኮራፋሉ። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩን አላምን ብለው ዓይናቸውን የማይከድኑ ሰው ናቸው እኮ! ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች ታለቅሳለች። እኔም ገሱባ እስክንገባ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳሁ።

ሲነቁ ተቆጡ። "ዓይኔ በርቶልኝ መንገዱን ልይ ስል ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?" አሉ። ዘመድ ሊስማቸው ሲጎርፍ እሳቸው መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከጎማዬ ፊት ሸጎጡ። ከዚያ ለመጣው ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ "ፍሬኑን የሠራው እሱ ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ" ይሉ ጀመር። ስለ እንሰቱ ትንፍሽ አላሉም።

ድንጋዩ ገሱባ ቀረ። አሁን መኪናዬ ስለማትጮህ መምጣታችንን በድምፅ አያውቁም፤ ስለዚህ እንመጣለን ባልንበት ቀን ከጠዋት ጀምረው በራቸው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ስንደርስ ይነሱና በገዛ እጃቸው ከጎማው ሥር ያደርጉታል። ተዉ ብላቸው አይሰሙም። እኔም ከመኪናዬ ኋላ በርጩማ ሳልጭን አልሄድም፤ አውጥቼ፣ በሸሚዜ ጠርጌ፣ "አባባ፣ አረፍ ይበሉ" እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ድንጋዩን በእግራቸው ገፋ አድርገው መያዙን ያያሉ። ከዚያ ይቀመጣሉ።