አራጅ ያጣች ዶሮ

ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ሐረር ተወልዳ ጅብ ትፈራለች እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጅብ ግን ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል፣ በር ከተዘጋበትም አይገባም። እኔን አጥንቴ ድረስ የዘለቀው ፍርሃት በር የማያግደው ነው፤ የጀመረውም በአንዲት ቀይ ዶሮ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ፣ እሱም ወታደር፣ ያን ጊዜ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ ነበር። የምንኖረው በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ነው፤ ቤታችን ከአንድ የከተማው ተወላጅ ሙስሊም ቤተሰብ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። ሽማግሌው መጽሐፍ ይጠርዛሉ፣ ባለቤታቸው ስፌት ይሰፋሉ። እሳቸውን አዴ እላቸው ነበር፤ እኛ ጋ ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲያ ነው።

እናቴ እህቴን ከተገላገለች በኋላ ደሙ አልቆም አላት። ገንፎ ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች። ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኗ ማልቀስ እንኳ እየደከማት መጣ። አዋላጇ በአምስተኛው ቀን አየቻትና ወደ ደጅ አውጥታኝ፣ "የዶሮ መረቅ ዛሬውኑ ካልጠጣች ሁለቱንም ታጫቸዋለሽ" አለችኝ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲህ ይባላል? ያቺን ሴት እስካሁን አልወዳትም።

ዶሮ አለን፤ አራጅ የለንም። በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። የተጠመቀ ወንድ በስመ አብ ብሎ ያላረደው ሥጋ ደግሞ ለክርስቲያን አይበላም፤ የሙስሊም እርድ የበላ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል። የሰፈራችን ክርስቲያን ወንድ ሁሉ ዘምቷል። ዶሮዋን ታቅፌ ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሮጥኩ፤ ለቀብር ከከተማ ወጥተዋል ተባልኩ። ከከተማው መውጫዎች አንዱ ወደሆነው ሸዋ በር ወረድኩና ማተብ ያሰረውን ዘበኛ ለመንኩት። እሱ ምን ቸገረው፣ "በጠመንጃ ልምታት እንዴ?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ። እያለቀስኩ ተመለስኩ።

አዴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ስፌታቸውን ይሰፉ ነበር። "ምን ሆነሻል? ዶሮዋን ይዘሽ የምትዞሪው ለምንድን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"ያ ረቢ! ሽማግሌው ያርዱልሽ ነበር፤ ግን እናትሽ የእኛን እርድ አትበላም። ለእናንተ ሐራም ነው።"

"ትበላለች፤ እሷ ናት የላከችኝ" አልኩ። አፌ ሲናገር ሰማሁት። ማንም አላስገደደኝም።

አዴ ፊቴን አየት አድርገው ስፌታቸውን አስቀመጡ። "ቆዪ" ብለው ወደ እኛ ቤት ገቡ፤ እኔ ቢላዋ ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ተመልሰው በቋንቋቸው ለባላቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሽማግሌው የሚጠርዙትን መጽሐፍ በጨርቅ ሸፈኑና እጃቸውን ታጥበው መጡ። "ቢስሚላሂ" ሲሉ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንዳላየሁት ብሆን እንዳልሆነ የሚሆን መስሎኝ።

መረቁን አዴ ሠርተው ሰጡኝ። ለእናቴ ሳቀርብላት ሳትጠይቀኝ፣ "የበሩ ዘበኛ ነው ያረደልን" አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። በሦስተኛው ቀን ደሙ ቆመ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጡቷ ወተት ያዘ። እህቴ ስትጠባ ጉሮሮዋ እንዴት ድምፅ እንደሚያሰማ አሁንም ትዝ ይለኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ደስታዬ ግን ንስሐ አባታችን ቤቱን ጠበል ሊረጩ እስኪመጡ ነው የቆየው። አራስ ቤት ርኩስ መንፈስ ያጠቃል ተብሎ በእናቴ ራስጌ ቢላዋ ተቀምጦ ነበርና፣ "አባ፣ እነዚህ መንፈሶች ከየት ነው የመጡት?" አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው! ቁጭ ብለው ተረኩልኝ። መላእክት በተፈጠሩ ጊዜ ፈጣሪ ተሰወረባቸው። ማን ፈጠረን ብለው ሲጠያየቁ ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል፣ እኔ ነኝ አለ። ያመኑት አሉ፣ የተጠራጠሩ አሉ። ገብርኤል ግን አምላካችንን እስክናገኝ ድረስ በያለንበት እንቁም ብሎ የቀሩትን አጸና። ሳጥናኤልም ያመኑትም ወደ ጥልቁ ወደቁ።

"የተጠራጠሩትስ?" አልኩ።

"እነሱም ወደቁ፣ ልጄ። በአየር ላይ ቀሩ። ከሃይማኖቱ የወጣ ሰው ያለበትን ቤት እየፈለጉ ይዞራሉ።"

"ሳያውቅ የወጣ ቢሆንስ?"

"ሳያውቅ የወጣ ከሆነማ ያወጣው ሰው ይጠየቅበታል" አሉና ጠበሉን ፊቴ ላይ ረጩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔን ግን ያቃጠለኝ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ አየሩን መፍራት ጀመርኩ። ነፋስ መጋረጃውን ሲነካው እነሱ ናቸው። እህቴ ባዶ ግድግዳ እያየች ስትስቅ ለማን ነው የምትስቀው? እናቴ ስታዜም እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ከሃይማኖት አውጥቻታለሁ፣ እሷ ግን አታውቅም። ከሁሉ የባሰው የእህቴ ሰማንያ ቀን መቃረቡ ነው። በዚያ ቀን እህቴ ክርስትና ትነሳለች፣ እናቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ትቆርባለች። ሳይገባው የቆረበ ሰው ቁርባኑ እሳት ሆኖ ይበላዋል ሲሉ ሰምቼ ነበር። እናቴን በመረቅ አድኜ በቁርባን ልገድላት ነው።

ሰባ ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ ነጠላዋን አጥባ ስታሰጣ፣ መቻል አቃተኝ። እግሯ ላይ ተደፍቼ ሁሉንም አወጣሁት።

እናቴ ነጠላውን ማስተካከሏን አላቆመችም። "አውቃለሁ" አለች። "ዶሮዋ ሳትታረድ አዴ ገብተው ጠይቀውኛል። እሺ፣ ይታረድልኝ አልኳቸው።"

"ዘበኛው ነው ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"እናቴ ሳታውቅ ነው የጠጣችው፣ ከደሙ ንጹሕ ናት ብለሽ እንድታድጊ ነበራ። እንዲህ ስትሰቃዪ መክረምሽን መች አወቅሁ!"

ሊቀለኝ ሲገባ ባሰብኝ። እስካሁን ሳታውቅ የወደቀች እናት ነበረችኝ፤ አሁን ግን እያወቀች፣ በሁለት እጇ ሳህኑን ይዛ። "አባ ጋ እንሂድ!" ብዬ ጮህኩ። "ዛሬውኑ እንሂድ!"

ከሰዓት በኋላ ሄድን። ንስሐ አባታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለ ወይራ ሥር ሰሙን። አልተቆጡም፤ ያ ራሱ አስፈራኝ። ከሃይማኖት የወጣ ሰው የሚመለስበትን የቄደር ጸሎት አድርሰው ውኃ እንደሚያፈሱብን ነገሩን። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ። "ተጸጽተሻል?" "ተጸጽቻለሁ፣ አባ! ተጸጽቻለሁ!" አንዴ ተጠይቄ ሁለት ጊዜ መለስኩ።

ወደ እናቴ ዞሩ። "አንቺስ፣ ልጄ?"

እናቴ ዓይኗን ወደ እህቴ መለሰች። እህቴ ጡቷ ላይ ነበረች፤ ያ የጉሮሮዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በይ እንጂ፣ በይ፣ እያልኩ በልቤ ጮህኩ። ይኸው፣ መጠራጠር ማለት ይህ ነው፤ በዓይኔ እያየሁ ልትወድቅብኝ ነው።

"አባቴ" አለች በመጨረሻ፣ "ጾሙንም ስግደቱንም የፈለጉትን ያህል ያሸክሙኝ። ተጸጽቻለሁ ካልኩዎ ግን እዚሁ ደጁ ላይ መዋሸቴ ነው። ነገም ቢሆን ይህችን ልጅ ለማትረፍ እበላዋለሁ።"

እሳቸው መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። "እንግዲያው እስክትጸጸቺ ላቆርብሽ አልችልም" አሉ። ውኃውን በእኔ ላይ ብቻ አፈሰሱት።

በማግስቱ እህቴን የክርስትና እናቷ ታቅፋ አስገባቻት። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ቆረብኩ። እናቴ ከግቢው በር ውጭ ግንቡን ተደግፋ ቆማ ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዚያች ቦታ እንዳልተነቃነቀች በኋላ ሰዎች ነገሩኝ።

አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ ፊቷ በራ። "ቆረብሽልኝ?" አለችና ልትስመኝ ጎንበስ አለች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ፈራኋት። በዙሪያዋ ያለውን አየር ፈራሁት። እናቴ ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እህቴን ከክርስትና እናቷ ተቀበለች። ወደ ቤት ስንሄድ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ሳትቆርብ ነው የሞተችው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ንስሐ አባቶች ነበሩኝ። ለሁሉም ስለ ዶሮዋ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለአዴ የዋሸሁትን፣ ለእናቴ የዋሸሁትን አንድም አላስቀረሁም። ያቺን አንድ እርምጃ ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።